የሶፍትዌር አሠራርን ማሻሻል ብሩን ይመልሳል ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት አራት ሆነው ቢሮ ተከራይተው ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ የሚያሠሩ አሉ፦ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ፣ የግል ክሊኒኩ፣ ሆቴሉ፣ ፋብሪካው። ከሁለቱም ወገን የሚመጣው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። «አሠራራችሁን አስተካክሉ ትሉናላችሁ፤ ብሩ ታዲያ የታለ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚህ ያሉት መልሶች በተቻለ መጠን በብርና በሰዓት የተሰፈሩ ናቸው።

አሠራር ማሻሻል ሲባል በተግባር ምን ማድረግ ነው?

ብዙ ሰው ውድ ፕሮግራም መግዛት ወይም ወፍራም ሰነድ ማዘጋጀት ይመስለዋል። አይደለም። ለትንሽ ቡድን ነገሩ ይሄው ነው። ኮድ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ደንበኛው የሚፈልገውን በጽሑፍ አስፍሮ ማስፈረም። አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው እንዲያየው ማድረግ። ኮዱን ፍላሽ ላይ ሳይሆን ጊት ላይ ማስቀመጥ፤ ጊት ማለት በኮዱ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ቴስቱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን ሙከራ፣ ማሽን እንዲሠራው ማድረግ። አዲስ ቨርዥን ወደ ሰርቨር ሲወጣ ተጽፎ በተቀመጠ ቅደም ተከተል ማውጣት፣ ከተበላሸም ወደ ቀድሞው የሚመለስበትን መንገድ ቀድሞ ማዘጋጀት። የተገኘውን ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ሁሉ መመዝገብ። ሌላው ሁሉ የእነዚህ ቅጥያ ነው።

ገንዘቡ የሚመጣው ከየት ነው?

ከድጋሚ ሥራ። አንዴ የተሠራውን ነገር መልሶ መሥራት ሲቀንስ ነው ብሩ የሚተርፈው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሶፍትዌር ላይ የሚፈሰውም የሚለቀመውም የሰው ሰዓት ነው። የመስኩ አንጋፋ ተመራማሪዎች ባሪ ቦምና ቪክቶር ባሲሊ እ.ኤ.አ. በ2001 እንደጻፉት፣ በሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ከጠቅላላው ጉልበት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው የሚባክነው ሊቀር ይችል በነበረ ድጋሚ ሥራ ላይ ነው። ደመወዝ ከፋዩ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ፕሮግራመሩ አይደነግጥም፤ ኖሮበታል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለቁጠባና ብድር ማኅበር የብድር ሶፍትዌር ይሠራል። ወሩ 30 ቀን ነው፤ ወለዱ በወር ይታሰባል። ጳጉሜን ግን 5 ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6። የእነዚህ ቀናት ወለድ እንዴት ይታሰብ? ከነሐሴ ጋር ይደመር? በቀን ይሰላ? ወይስ ይታለፍ? ይህን መጀመሪያ ላይ የማኅበሩን ሒሳብ ሹም መጠየቅ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ካልተጠየቀ ፕሮግራመሩ የመሰለውን ያደርጋል። ሶፍትዌሩ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ያለ እንከን ይሠራል። መስከረም ላይ አባላት የሒሳብ መግለጫቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ያኔ ኮዱን ማረም ትንሹ ሥራ ነው። የእያንዳንዱን ተበዳሪ ሒሳብ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስላት አለ። ማኅበሩ መሐል ሜዳ ከሆነ ጣርማበር ላይ ታጥፎ ሞላሌን አልፎ መሄድ አለ። ትራንስፖርትና ውሎ አበል አለ። አባላቱ «ኮምፒውተሩ በላን» ብለው ሲያሙ የሚጠፋውን እምነትማ ማን ይተምነዋል? እግረ መንገዴን፣ የ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ናት። ሶፍትዌራችሁ ይህን ማወቁን ከወዲሁ ብታዩ አይከፋም።

ስህተትን ዘግይቶ ማረም 100 እጥፍ ያስወጣል የሚባለው እውነት ነው?

ለትልልቅ ሲስተሞች እንጂ ለሁሉም አይደለም። እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች ያስቀመጡት እንዲህ ነው፦ ከርክክብ በኋላ የተገኘን ስህተት ማረም፣ ገና የደንበኛው ፍላጎት ሲጻፍ ከማረም ጋር ሲነጻጸር ለትልቅ ሲስተም ብዙውን ጊዜ 100 እጥፍ ነው። ለትንሽና ብዙ አደጋ ለማያስከትል ሲስተም ግን 5 እጥፍ ገደማ ነው። የሥልጠና ሻጮች 100ዋን ብቻ ያነሳሉ። እኔ እዚህ ላለ ቡድን በ5 አስሉ እላለሁ። በ5ም ያዋጣል። በ100 የተሠራ ሒሳብ ይዞ ቦርድ ፊት መቅረብ ግን መሳቂያ ያደርጋል።

ሌላ አገር የሞከሩት ስንት መለሰላቸው?

በደንብ የተመዘገቡት ቁጥሮች ቆየት ያሉ ናቸው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የሚገዛው ሶፍትዌር እየዘገየና ከበጀት በላይ እየሄደ ሲያስቸግረው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምሕንድስና ተቋም አቋቋመ። እዚያ በዋትስ ሃምፍሪ መሪነት የተጀመረው ሥራ የድርጅቶችን አሠራር በአምስት ደረጃ የሚመዝን መለኪያ ወለደ። ሲኤምኤም የሚባለው ነው። ደረጃ 1 ማለት ሁሉም እንደመጣለት የሚሠራበት ቤት ነው። ደረጃ 5 ደግሞ በቁጥር እየተመራ ራሱን በየጊዜው የሚያርም።

ሂዩዝ ኤርክራፍት የሚባለው ኩባንያ ካሊፎርኒያ ያለውን አንድ የሶፍትዌር ክፍሉን ከደረጃ 2 ወደ ደረጃ 3 ለማውጣት 445,000 ዶላር ገደማ አወጣ። በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይተርፈኛል ብሎ ዘገበ። ሬይቲዮን የሚባለው ሌላ ኩባንያ ደግሞ ላወጣው ለእያንዳንዱ ዶላር 7.70 ዶላር እንደተመለሰለት አሳወቀ። በእኔ ግምት ከ7.70ዋ ይልቅ መታየት ያለበት ሌላ ቁጥር ነው። ሬይቲዮን ማሻሻያውን እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀምር ከፕሮጀክት ወጪው 41 በመቶ ገደማ በድጋሚ ሥራ ይበላ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 11 በመቶ ወረደ። ትርፉ ሁሉ የተቀዳው ከዚያ ነው።

የሶፍትዌር ምሕንድስና ተቋሙ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 የ13 ድርጅቶችን መረጃ ሰብስቦ ሪፖርት አወጣ። የገንዘብ ተመላሹ ከ4 እስከ 8.8 እጥፍ ነበር፤ መካከለኛው 5 እጥፍ። ወጪው ለአንድ መሐንዲስ በዓመት መካከለኛው 1,375 ዶላር ነበር። ከርክክብ በኋላ የሚገኙ ስህተቶች በዓመት ከ10 እስከ 94 በመቶ ቀንሰዋል፤ መካከለኛው 39 በመቶ። ከ10 እስከ 94 ያለውን ርቀት ልብ በሉ። አንድ ዓይነት መድኃኒት ወስደው አንዱ ተሻለው፣ ሌላው እምብዛም።

ታዲያ እኛም 1 ብር አውጥተን 5 ብር እናገኛለን?

አትጠብቁ። ያልተሳካለት ድርጅት ውጤቱን ጽፎ አያሳትምም፤ የምናነበው የተሳካላቸውን ነው። ደግሞም እነዚህ ብዙ መሐንዲሶች ያሏቸው፣ እያንዳንዷን ሰዓት በፕሮጀክት የሚመዘግቡ የመከላከያ ሥራ ተቋራጮች ናቸው። ስንት እንደሚባክን ቀድሞውኑ ያውቁ ነበር። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ ይህ መዝገብ የለም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «5 እጥፍ» ማለት 1 አውጥቶ 5 ማስገባት ነው። ያወጣነው ሲቀነስ ትርፉ 4 ነው፣ ማለትም 400 በመቶ። አንዳንዱ ዘገባ በእጥፍ ይናገራል፣ ሌላው በተጣራ መቶኛ። ሁለት ሐሳብ ስታነጻጽሩ በየትኛው እንደተሰላ ሳታጣሩ እንዳትፈርሙ።

እሺ፣ በእኛ አቅም ሒሳቡን አሳዩን።

ደስ ይለኛል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ቀይሯቸው።

ስድስት ሰው ያለው ቡድን እንውሰድ። ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ኢንተርኔትና የጄኔሬተር ነዳጅ ተደምሮ በወር 200,000 ብር ይሁን። አንድ ሰው በወር 160 ሰዓት ቢሠራ ስድስቱ 960 ሰዓት ይሠራሉ። አንድ ሰዓት 208 ብር ገደማ ታወጣለች ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 40 በመቶው ድጋሚ ሥራ ቢሆን በየወሩ 80,000 ብር ለተሠራ ነገር ዳግም ይከፈላል።

አሁን ማሻሻያውን እናስገባ። መነሻ ላይ አንድ ሰው ለቴስትና ለጊት ዝግጅት 120 ሰዓት ያጠፋል፤ 25,000 ብር። ሁሉም ለሥልጠናና ለልምምድ አሥር አሥር ሰዓት ያውላሉ፤ 12,500 ብር። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት ሁለት ሰዓት የሌላውን ኮድ ያያል፤ በወር 10,000 ብር፣ በዓመት 120,000። የመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ወጪ 157,500 ብር ይሆናል።

ገቢውስ? የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምንም የለም። እንዲያውም ሥራው ይንቀረፈፋል። በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ድጋሚ ሥራው ከ40 ወደ 35 በመቶ ይወርዳል እንበል፤ በወር 10,000፣ በድምሩ 30,000 ብር ይተርፋል። በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ወደ 30 በመቶ ይወርዳል፤ በወር 20,000፣ በድምሩ 120,000 ብር። የዓመቱ ጥቅም 150,000 ብር።

ወጪው 157,500፣ ጥቅሙ 150,000። አያችሁ? የመጀመሪያው ዓመት 7,500 ብር ኪሳራ ነው። ሁለተኛው ዓመት ግን ወጪው 120,000፣ ጥቅሙ 240,000 ይሆናል። ሁለቱ ዓመት ሲደመር 277,500 ወጥቶ 390,000 ይመለሳል። የተጣራው 112,500 ብር፣ ማለትም 40 በመቶ ገደማ ነው። 400 በመቶ አይደለም። ግን 40 በመቶ መጥፎ ነው የሚል ነጋዴ አላየሁም።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ትልቁ ነገር ስድስተኛው ወር ላይ «አልሠራም» ብሎ መተው ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው። በዚያ ወር ላይ ያለ ሰው 97,500 ብር አውጥቶ 30,000 ብቻ ነው ያገኘው። እዚያ ላይ የሚያቆም 67,500 ብር ከስሮ ይቀራል። ብዙ ቡድን የሚያቆመውም እዚያው ላይ ነው።

የተረፈው ሰዓት እውነት ገንዘብ ነው? ደመወዙን እንደሆነ እከፍለዋለሁ።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ብዙ አማካሪ ያልፈዋል። ትክክል ናችሁ። ድጋሚ ሥራ ስለቀነሰ የወር ደመወዝ አይቀንስም። 20,000 ብር ተረፈ ስንል ባንክ ገብቶ አይገኝም። ሰዓቱ ወደ ብር የሚለወጠው ሌላ ነገር ሲነካ ብቻ ነው።

አንደኛው መንገድ ወረፋ የሚጠብቅ ሥራ መኖሩ ነው። በተረፈው ሰዓት አንድ ተጨማሪ ደንበኛ ከተያዘ ያ እውነተኛ ገቢ ነው። ሌላው የርክክብ ፍጥነት ነው። እዚህ አካባቢ ያለ ውል አብዛኛውን ጊዜ ክፍያውን በደረጃ ይከፋፍላል፤ የመጨረሻው ክፍያ ርክክብ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ባግ ያለቀበት ሶፍትዌር ቶሎ ይፈረምለታል። የዋጋ ንረት ባለበት አገር ዘንድሮ የሚከፈል 100,000 ብርና ከዓመት በኋላ የሚከፈል 100,000 ብር አንድ አይደሉም። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል የሰርቨር ኪራይ ላለበት ቡድን ዘግይቶ የሚመጣ ብር የበለጠ ይጎዳል። የመዘግየት ቅጣት ውሉ ላይ ካለማ እሱም ተደማሪ ነው። ሦስተኛው ልትቀጥሩት አስባችሁ የነበረውን ሰው አለመቅጠር ነው።

ወረፋ ላይ ሥራ ከሌለ፣ ርክክቡም ካልፈጠነ፣ ቅጥርም ካልታሰበ የተረፈው ሰዓት እረፍት ብቻ ነው። እረፍትም ደግ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ስልክ ሳይጮህ ማደር ዋጋ አለው። ትርፍ ብላችሁ ሪፖርት ላይ ግን አትጻፉት።

ከየት እንጀምር? ምን እንለካ?

ደብተር ይበቃል። ለአራት ሳምንት እያንዳንዱ ሰው ማታ ከመውጣቱ በፊት የቀኑን ሰዓት በሦስት ይክፈል፦ አዲስ ሥራ፣ ድጋሚ ሥራ፣ ደንበኛን በስልክም በአካልም መርዳት። በሩብ ሰዓት ማስላት አያስፈልግም፤ በሰዓት በቂ ነው። በአራት ሳምንት ውስጥ እንደ ሬይቲዮን 41 በመቶ ያለ የራሳችሁን ቁጥር ታገኛላችሁ። 25 ሊሆን ይችላል፣ 60ም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ደብተሩ ለቅጣት እንዳይውል። አለቃው አንድ ጊዜ «አንተ ለምን ይሄን ያህል ድጋሚ ሥራ?» ብሎ ከጮኸ ከማግስቱ ጀምሮ ሁሉም ሥራ «አዲስ ሥራ» ይሆናል። ልጆቹ ሞኝ አይደሉም።

ሰርቨር ላይ በቋሚነት የሚሠራ ሲስተም ያላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ጨምሩ። ከወጡት አዲስ ቨርዥኖች ስንቱ ችግር ፈጠረ? ሲበላሽስ ለመመለስ ስንት ሰዓት ፈጀ?

ከተዘረዘሩት ውስጥ ቶሎ የሚመልሰው የትኛው ነው?

ጽፎ ማስፈረምና ኮድ መተያየት። ሁለቱም መሣሪያ አይገዛባቸውም። የአይቢኤሙ ማይክል ፋገን ሥርዓት ያለው የኮድ ምርመራን ጽፎ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ኮዱ በወረቀት ታትሞ ነበር የሚነበበው። ቦምና ባሲሊ እንደጻፉት ሰው ለሰው መተያየት ብቻውን ከስህተቶቹ 60 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ለሁለት ሰዓት ሥራ ይህ ብዙ ነው።

ጊት ነፃ ነው። በጊት የተያዘ ኮድን በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ጊትሃብም የግል ማኅደሮችን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ የተባባሪ ቁጥር ሳይገድብ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መብራት ሲጠፋ ወይም ላፕቶፕ ሲሰረቅ የአንድ ሳምንት ሥራ አብሮ አይሄድም። ይህንን ለመወሰን ስብሰባ መጥራት ራሱ ብክነት ነው።

አውቶማቲክ ቴስት ላይ ግን ረጋ በሉ። ለአዲስ ሲስተም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩት። ለአሮጌና ለተወሳሰበ ኮድ ሁሉንም በቴስት ልሸፍን ማለት ወራት ይበላል። ገንዘብ የሚያሰላው ክፍል ላይ ብቻ አድርጉ፦ ወለድ፣ ደመወዝ፣ ግብር፣ የቀን ልወጣ። ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚለውጥ ኮድ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን። መስከረም 1 አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 12 ላይ ይውላል፤ ባጎቹም እዚያች አንድ ቀን ላይ መደበቅ ይወዳሉ።

እስከ ዛሬ ከባድ አደጋ አልደረሰብንም። ለምን እንጨነቅ?

ናይት ካፒታል የሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅትም እስከ ኦገስት 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ እንደዚያው ነበር። አዲሱን ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች ሰባቱ ላይ ጫኑ፤ አንዱ ተረሳ። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። ከጎደሉት ነገሮች አንዱ ቀላል ቼክሊስት ነበር።

ወደ ቤታችን እንምጣ። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ሲስተሙ ላይ ሥራ ሲሠራ የተፈጠረ ችግር ነበር። በዚያች ሌሊት ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ አወጡ፣ አስተላለፉ። ባንኩ የገለጸው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። አብዛኛው በኋላ ተመልሷል፤ ለማስመለስ የፈሰሰው የሰው ጉልበት ግን አይመለስም።

ለትንሽ ድርጅት ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ዳታ ይጠፋል፣ ሲጠፋም 500,000 ብር ያከስራል ብላችሁ ብታስቡ፣ በዓመት 100,000 ብር አደጋ ተሸክማችኋል። ባክአፑ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) በእርግጥ መመለሱን በወር ሁለት ሰዓት ወስዶ መሞከር ከላይ ባለው የሰዓት ዋጋ በዓመት 5,000 ብር ነው። ባክአፕ መኖሩ አይበቃም። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

ሰርተፍኬት እናውጣ?

ጨረታው ካልጠየቀ አታውጡ። ሲኤምኤምአይ፣ የሲኤምኤም ተተኪው ማለት ነው፣ ለትልልቅና ለውጭ ደንበኛ ለሚሠሩ ድርጅቶች በር ይከፍታል። ለአምስት ሰው ቡድን የምዘናው ወጪ ብቻውን የዓመቱን ትርፍ ሊበላ ይችላል። አሠራሩን ውሰዱ፣ ወረቀቱን ተዉት።

ፋብሪካችን ካይዘን ይሠራል። ያው አይደለም?

ዘመዳሞች ናቸው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱ ማዎች የሚባሉት የሥራ ቦታ አያያዝ ደንቦች ብዙ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ብክነትን መቀነስ፣ በትንሽ በትንሹ ማሻሻል፣ ሠራተኛው ራሱ ሐሳብ እንዲያመጣ ማድረግ ሁለቱም ጋ አለ። ልዩነቱ ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ጥግ ላይ ተከምሮ ይታያል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸ ብርድ ልብስ ቦታ ይይዛል። የተበላሸ ኮድ ቦታ አይዝም፤ ሳይታይ ዓመት ይከርማል። ስለዚህ ሶፍትዌር ላይ መጀመሪያ ብክነቱን በመዝገብ እንዲታይ ማድረግ ግድ ነው። የካይዘን ቡድን ያላችሁ ፋብሪካዎች የአይቲ ክፍሉን እዚያው ቡድን ውስጥ አስገቡት። የመለካት ልምዱ ስላላቸው ከማንም ቀድመው ያገኙታል።

ልጆቹን አሠልጥነን አዲስ አበባ ቢሄዱብንስ?

ይሄዳሉ። 130 ኪሎ ሜትር ሩቅ አይደለም። አንዳንዱም ከቤቱ ሳይወጣ ለውጭ ድርጅት ይሠራል። ይህ ግን አሠራርን ለማሻሻል ምክንያት እንጂ ላለማሻሻል ምክንያት አይደለም። ሁሉ ነገር በአንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ያለበት ቡድን ልጁ ሲለቅ ሲስተሙን አብሮ ያጣል። ተተኪው ኮዱን ለመረዳት ሦስት ወር ቢፈጅበት የሦስት ወር ደመወዝ ወጣ ማለት ነው። ኮዱን ቢያንስ ሁለት ሰው ካየው፣ ለምን እንዲህ እንደተደረገም ከተጻፈ፣ ሦስቱ ወር ወደ አንድ ሊወርድ ይችላል። ቡድናችሁ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚለቅበት ከሆነ ትልቁ ተመላሽ ከዚህ ይመጣል። ከላይ ባለው ሒሳብ ውስጥ ግን አላስገባሁትም።

እኛ አሠሪዎች ነን፤ ኮድ አንጽፍም። ምን አገባን?

በጣም ያገባችኋል። ድጋሚ ሥራውን ከሚፈጥሩት አንዱ እናንተ ናችሁ፤ አትቀየሙኝ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ይላል፣ ሒሳብ ሹሟ ሌላ፣ የቦርድ ሰብሳቢው በመጨረሻ መጥቶ ሦስተኛ ነገር ይጨምራል። ሦስቱንም ለማስደሰት የሚከፈለው ዋጋ ውሉ ላይ አይታይም እንጂ እናንተው ትከፍሉታላችሁ፤ ወይ በመዘግየት ወይ በጥራት። የሚወስን አንድ ሰው ሰይሙ። በሱ ፊርማ ብቻ ለውጥ ይግባ።

ውል ስትፈርሙም ሦስት ነገር አስገቡ። ርክክብ የሚፈተንባቸው ጉዳዮች ቀድመው ይዘርዘሩ፦ «የጳጉሜን ወለድ»፣ «የተሰረዘ ደረሰኝ»፣ «ሁለት አንድ ስም ያላቸው አባላት»። የኮዱና የዳታው ቅጂ በየወሩ በእጃችሁ ይግባ። ክፍያውም ከሚታይ ሥራ ጋር ይያያዝ፤ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሳይሆን። ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበውን ብቻ መምረጥ ስትለምዱ፣ ቴስት የሚያደርገውን ተጫራች ከጨረታው እያስወጣችሁ እንደሆነ እወቁ። ቴስት ወጪ ነው፤ እሱን ያልቆጠረ ሁልጊዜ ይረክሳል።

የማያዋጣበት ጊዜ አለ?

አለ። ለአንድ ዝግጅት ተሠርቶ ከወር በኋላ የሚጣል ድረ ገጽ ላይ ይህን ሁሉ አትጫኑ። ሐሳቡ ገበያ ይኑረው አይኑረው ገና እየሞከራችሁ ከሆነም እንደዚያው፤ ማንም የማይፈልገውን ነገር በጥራት መሥራት ትርፍ የለውም። ባለቤቱ የማያምንበት ቤት ውስጥም አይሠራም። ቴስቱ ይዘለል፣ ደንበኛው ቸኩሏል የሚል አለቃ ባለበት መመሪያው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ለውጥ አያመጣም።

ለቦርዱ ወይም ለባለቤቱ እንዴት ላቅርበው?

በአንድ ገጽ። መጀመሪያ ከደብተሩ የወጣው የራሳችሁ ቁጥር ይምጣ፤ «ባለፉት አራት ሳምንታት ከከፈላችሁት ውስጥ ይህን ያህሉ ለድጋሚ ሥራ ወጥቷል» የሚለው። የሬይቲዮን 7.70 ዶላር ባይነሳ ይሻላል፤ ከተነሳም በመጨረሻ። ቀጥሎ ሦስት ግምት አስቀምጡ፦ ድጋሚ ሥራው ከጠቅላላው ሰዓት በ3፣ በ5 ወይም በ10 በመቶ ቢቀንስ (ለምሳሌ ከ40 ወደ 37) ምን ይሆናል። በ3 በመቶም የማይከስር ከሆነ ክርክሩ አጭር ነው። በ10 ብቻ የሚያዋጣ ከሆነ ደግሞ ማሻሻያውን አሳንሱት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ኪሳራ እንደሆኑ በግልጽ ጻፉ፤ ቀድሞ ያልተነገረው ባለቤት በአራተኛው ወር ያስቆማችኋል። ሰዓቱ ወደ ብር የሚለወጥበትን መንገድም በስም ጥሩ፤ የትኛው ደንበኛ፣ የትኛው ክፍያ።

ጊዜውንም አስቡ። በጀታቸው በመንግሥት አቆጣጠር ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ወረቀቱ ግንቦት ላይ እጃቸው መግባት አለበት። ሰኔ ላይ ሁሉም የሚሯሯጠው የተረፈውን ለመጨረስ ነው፤ የሚያነብላችሁ አታገኙም።